«ቡና ቤት» ጽፈን «ቡና ቢት» የሚነበበው ለምንድነው?

የዚህ ወር ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ፎንት ናቸው፣ በተለይ ስለነዚህ ወፍራምና ጂኦሜትሪክ ስለሚባሉት፣ ማለትም ጫፋቸው ላይ ምንም ጌጥ የሌላቸው በኮምፓስና በማስመሪያ የተሠሩ የሚመስሉ ፊደሎች። አምስቱን መርጫለሁ፣ የመጀመሪያው ላይ ትንሽ እቆያለሁ ምክንያቱም በየመንገዱ የማየው ችግር ስለሆነ ነው።

*ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ሐዋሳ ላይ ትንሽ ቡና ቤት ልከፍት ነው። ዲዛይነሩ የእንግሊዝኛውን ስም ፉቱራ ቦልድ በሚባል ፎንት ሠራልኝ፣ በጣም ወድጄዋለሁ። ከሥሩ ያለው አማርኛ ግን ቀጭን ሆነብኝና አወፍረው አልኩት፣ አወፈረው። ታፔላው ተሰቅሎ ጓደኛዬ ከመንገድ ማዶ ቆማ «ቡና ቢት ደሞ ምንድነው?» አለችኝ። እውነትም እንደዛ ነው የሚነበበው! እንደገና ማሠራት አለብኝ ወይስ ሰው ይለምደዋል?*

እህቴ እንኳን ደስ አለሽ፣ ገበያው ይቅናሽ። ጓደኛሽን አመስግኛት፣ ትክክል ናት።

የሆነው ምን መሰለሽ፣ ታፔላው ላይ ያለውን «ቤ» ቀረብ ብለሽ እዪው። ቢና ቤን የሚለያቸው ቀኝ እግሩ ሥር ያለችው ነገር ብቻ ናት አይደል፣ ሣልሱ ላይ ትንሽ ጭረት፣ ኃምሱ ላይ ትንሽ ቀለበት። የቀለበቷ ሆድ ውስጥ ያለው ነጭ ድሮውንም ሰፊ አይደለም፣ ፊደሉ ሲወፍር መጀመሪያ የሚሞላው እሱ ነው። ከሞላ በኋላ ቀለበቷ ድፍን ጥቁር ነጥብ ትሆናለች፣ ድፍን ነጥብ ደሞ ከሩቅ ሲያዩት ጭረት ነው። በቃ ቤት ቢት ሆነ፣ ሴት ሲት ሆነ፣ ሌሊት ሊሊት ሆነ። ላቲኑ ላይ እንዲህ አይነት ጣጣ ያን ያህል የለም፣ የእንግሊዝኛ ኦ ምንም ቢወፍር ሆዱ ትልቅ ነው፣ የኛ ፊደል ግን ትርጉሙን የሚሸከመው ጫፉ ላይ ባለች ጥቃቅን ምልክት ስለሆነ ውፍረት ሲመጣ በቀጥታ ንባቡን ነው የሚነካው።

ሁለተኛው ነገር ዲዛይነርሽ «አወፈረው» ያልሽው እንዴት እንደሆነ እገምታለሁ፣ በኔ ልምድ አስር ሰው ቢመጣ ዘጠኙ እንደዛ ነው የሚያደርገው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የአማርኛ ፎንት ኒያላ ነው እንበል። ኒያላ ጥሩ ፎንት ነው ለንባብ ይመቻል፣ ግን አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው፣ ቦልድ የሚባል ወንድም የለውም። ቦልድ የምትለዋን በተን ስትጫኝ ፕሮግራሙ ያለውን ፊደል በዙሪያው እኩል ያሳብጠዋል፣ ልክ ሊጥ ሌሊቱን ሲያድር እንደሚያብጠው። እግሩም ያብጣል ቀለበቱም ያብጣል፣ ወደ ውጪም ወደ ውስጥም። የፊደል ሠሪ እጅ የነካው ቦልድ ግን እንደዛ አይደለም፣ ሠሪው እግሩን ሲያወፍር ቀለበቱን ያሰፋል፣ ላይኛውን አግዳሚ ያሳሳል፣ ፊደሉን በጠቅላላ በስፋቱ ትንሽ ይለጥጠዋል፣ ሁሉም ሆድ ውስጥ ያለው ነጭ እንዲተርፍ ማለት ነው። ወፍራም ፊደል መሥራት ማለት ነጩን መጠበቅ ማለት ነው ብዬ ነው የማምነው፣ ጥቁሩ ራሱን አያጣም።

ስለዚህ አዎ፣ አማርኛውን እንደገና አሠሪው፣ ሰው ይለምደዋል ብለሽ አትተይው። ሙሉ ታፔላውን ግን መቀየር ላያስፈልግ ይችላል፣ ስቲከር ከሆነ የአማርኛው መስመር ብቻ ተነስቶ ይለጠፋል። ዲዛይነሩ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ያውርድ፣ ነፃ ነው፣ ከክር ቀጭኑ ጀምሮ እስከ ጥቁሩ ድረስ ዘጠኝ ውፍረት አለው፣ ፕሮግራም ያሳበጣቸው ሳይሆኑ በፊደል ሠሪ የተዘጋጁ ናቸው። ከዛ የሚመርጠው ስሙ ቦልድ ስለሆነ አይደለም፣ የሁለቱ ፎንቶች ቦልድ አንድ አይነት ውፍረት የለውማ። የእንግሊዝኛውን ኤች አንድ እግር በማስመሪያ ይለካ፣ የ«በ»ን እግር ይለካ፣ አማርኛው ከእንግሊዝኛው ትንሽ ቀጠን ያለውን ይውሰድ፣ ምክንያቱም የኛ ፊደል እግር ይበዛበታል፣ እኩል ከሆኑ አማርኛው ከሩቅ ጠቁሮ ይታያል።

ሌላ ደሞ ልብ በይ፣ በፊደልና በፊደል መሀል ያለው ክፍተት። «በለስ» የምትለዋን ቃል በወፍራም ፊደል ጽፈሽ እዪ፣ በ ሁለት እግር፣ ለ ሁለት እግር፣ ስ ሁለት እግር፣ ስድስት እንጨት ተራ በተራ የቆመ አጥር ነው። ፊደሎቹ ከተጠጋጉና በመሀላቸው ያለው ክፍተት በእያንዳንዱ እግር መሀል ካለው ካነሰ ዓይን የቱ እግር የማን እንደሆነ ይጠፋበታል። የእንግሊዝኛ ሎጎ ላይ ፊደል ማጠጋጋት ፋሽን ነው፣ አማርኛው ላይ አይሠራም። ታፔላሽ ላይት ቦክስ፣ ማለትም ከውስጡ መብራት ያለው፣ ከሆነ ደሞ አንድ ደረጃ ቀጠን ያለ ምረጪ፣ ማታ መብራቱ ሲበራ ብርሃኑ ወደ ጎን ስለሚፈስ ፊደሉ ቀን ካየሽው በላይ ያብጣል። ከማሳተምሽ በፊት ዲዛይኑን በስልክሽ ላይ ጥፍርሽን እስኪያክል አሳንሺውና ለማያውቀው ሰው አንብበው በይው፣ ከዚህ የተሻለ ፈተና አላውቅም።

*ጤና ይስጥልኝ። እኔ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ለብዙ ዓመት ታፔላ በእጄ በብሩሽ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ልጄ ኮምፒውተር ላይ ፊደል መሥራት ጀምሯል፣ ጂኦሜትሪክ ነው ይለኛል። ዐን በኮምፓስ ልክ ክብ አድርጎ ሠራት፣ ከጎኗ ካለችው በ ጋር ቁመታቸው አንድ ነው፣ ለክቻለሁ። ግን ዐ አንሳ ትታያለች። እኔ በብሩሽ ስጽፍ እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም። ምክንያቱ ምንድነው?*

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ሲደርሰኝ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ምክንያቱም መልሱ እጅዎ ውስጥ አለ። እርስዎ በብሩሽ ሲጽፉ ዐን ሳይታወቅዎት ከመስመሩ ትንሽ ከላይም ከታችም ያሳልፏት ነበር። ክብ ነገር መስመሩን የሚነካው በአንዲት ነጥብ ብቻ ነው፣ በ ግን ሙሉ ጣሪያውን ይዞ ነው መስመሩ ላይ የሚያርፈው፣ ስለዚህ በማስመሪያ እኩል ከሆኑ በዓይን ክቧ ታንሳለች። ቁመቱ 10 ሳንቲ የሆነ ፊደል ላይ ክቡን ከላይ 1 ወይ 2 ሚሊ፣ ከታችም እንደዛው ማሳለፍ ነው፣ ማንም ማለፉን አያይም፣ እኩል መሆኑን ነው የሚያየው።

ይሄ የኛ ፊደል ችግር ብቻ አይደለም። ፉቱራን የሠራው ጀርመናዊው ፓውል ሬነር ነው፣ በ1924 እ.ኤ.አ. ጀምሮት በ1927 ፍራንክፈርት ያለው ባወር የሚባል የፊደል ማፍሰሻ ድርጅት ለገበያ አወጣው። መጀመሪያ የሣላቸው ንድፎች ላይ አንዳንዶቹ ትንንሽ ፊደሎች እውነትም ከክብ፣ ከሦስት ማዕዘንና ከመስመር ብቻ የተገጣጠሙ ነበሩ፣ ትንሿ የእንግሊዝኛ አር (r) ለምሳሌ አንድ ዘንግና ከጎኑ አንድ ነጥብ ብቻ ነበር። በኋላ አብዛኛው ቀረ። አሁን የምናየውን ፉቱራ ሰው በኮምፓስ የተሠራ ይመስለዋል፣ ግን አጉልተው ሲያዩት ክቡ ከዘንጉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ መስመሩ ይቀጥናል፣ አግዳሚው ከቋሚው ይሳሳል፣ የኤ (A) ሹል ጫፍ ከመስመሩ አልፎ ይወጣል። ወፍራሙ ላይ ደሞ ሹል ጫፎቹ ይቆረጣሉ፣ አለበለዚያ ጥቁሩ አንድ ቦታ ይከማቻል። ኤፍና ኤል ጠባብ ናቸው ኦ ሰፊ ነው፣ ይሄን ልክ የወሰደው የጥንት ሮማውያን ድንጋይ ላይ ከቀረጹት ፊደል ነው። ስለዚህ ሰውየው ጂኦሜትሪ የሚመስል ነገር ለመሥራት ጂኦሜትሪውን በዓይኑ አስተካክሎታል ማለት ነው።

ለልጅዎ ይህችን ይንገሩልኝ፣ ወ ላይ ሁለቱ ክቦች መሀል ላይ ሲገናኙ መስመሩ እጥፍ እንዳይሆን ማሳሳት አለበት። ደሞ የድሮ ቁም ጸሐፊዎቻችን ብራና ላይ በመቃ ብዕር ሲጽፉ ቋሚው ወፍራም አግዳሚው ቀጭን የሚሆነው ከብዕሩ አያያዝ ነው፣ ጂኦሜትሪክ ፊደል ሁሉንም እኩል አደርጋለሁ ሲል ያንን ልማድ ነው የሚተወው፣ ሙሉ በሙሉ ከተወው ግን ፊደሉ ባዕድ ይሆናል። ትንሽ ልዩነት ይተውለት። ኮምፒውተሩን ለጊዜው ዘግቶ ከእርስዎ ጋር አንድ ቀን በብሩሽ ቢጽፍ ከየትኛውም ኮርስ የበለጠ ይማራል፣ ይሄን ከልቤ ነው የምልዎት።

*የዲዛይን ተማሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ፉቱራ የናዚ ፎንት ነው አትጠቀሙበት አለ። እውነት ነው?*

አይደለም፣ እንዲያውም ታሪኩ ወደ ሌላ ነው የሚሄደው። ሬነር ሙኒክ ውስጥ የኅትመት ሙያ ትምህርት ቤት ይመራ ነበር፣ በ1932 እ.ኤ.አ. የናዚዎቹን የባህል ፖለቲካ በግልጽ የሚቃወም ጽሑፍ አሳተመ፣ ያውም ጀርመን ውስጥ ሳይሆን ስዊዘርላንድ ነው የታተመለት፣ በ1933 እነሱ ሥልጣን ሲይዙ ታሰረ፣ ከኃላፊነቱም ተነሳ። ናዚዎቹ መጀመሪያ ላይ የጀርመን ነው ብለው ሲያወድሱት የነበረው ፍራክቱር የሚባለውን እንደ ጦር የሾለ ጥቁር ፊደል ነው፣ እሱንም በ1941 ራሳቸው ከለከሉት። ፉቱራ በዛ ዘመን የነበረ ፊደል ስለሆነ እነሱም አልነኩትም ማለት አልችልም፣ ግን የነሱ ነው ማለት ሰውየውን መበደል ነው።

አንድ ሌላ ነገር፣ ብዙ ሰው ፉቱራ የባውሃውስ፣ ማለትም የዛ ዘመን የጀርመን የዲዛይን ትምህርት ቤት፣ ሥራ ነው ይላል፣ ሬነር የባውሃውስ አስተማሪ አልነበረም። በጊዜው መንፈስ ግን ይቀራረባሉ፣ ጌጥ ይቅር፣ ለሁሉም ሰው የሚሆን ቀላል ነገር እንሥራ የሚለው። ከዛ በኋላ ፉቱራ የት የት እንደሄደ አስቢው፣ በ1969 አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ጥሎት የመጣው የብረት ጽሑፍ በፉቱራ ነው የተጻፈው፣ የቮልስዋገን የድሮ ማስታወቂያዎች በሱ ነበሩ፣ የቤት ዕቃ ሻጩ ኢኬያም እስከ 2009 ድረስ ተጠቅሞበታል፣ ትቶ ቨርዳና ወደሚባል ፎንት ሲሄድ ዲዛይነሮች በጣም ነው የተቆጡት።

ፍራንክፈርት ካልኩ አይቀር ይህችን ሳልነግርሽ አላልፍም። ፉቱራ የፈሰሰባት ከተማ የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው የታተመባት ከተማም ናት፣ በ1698 እ.ኤ.አ.፣ የጻፈው ጀርመናዊው ምሁር ሂዮብ ሉዶልፍ ነው፣ አማርኛውን ያስተማረው ደሞ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ነው። ከፉቱራ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ የኛ ፊደል በብረት ተቀርጾ እዛች ከተማ ውስጥ ወረቀት ላይ አርፏል ማለት ነው። ክፍል ውስጥ ለዛ ልጅ ይሄንንም ንገሪው።

*አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ለሐምሌው የኢትዮጵያውያን እግር ኳስ ውድድር ቲሸርት ልናሠራ ነው። ቀይ ሳጥን ውስጥ ነጭ ዘንበል ያለ ወፍራም ጽሑፍ፣ እንደ ልብስ ብራንዱ ሱፕሪም፣ ግን በአማርኛ። አማርኛውን ዘንበል ሳደርገው ተበላሸብኝ። ምን ላድርግ? ደሞ ፎንቱን ከኢንተርኔት ዝም ብዬ ባወርደው ችግር አለው?*

ወንድሜ ሁለት ነገር ልንገርህ። አንደኛ ያ ስታይል የሱፕሪም ብቻ አይደለም፣ ባርባራ ክሩገር የምትባል አሜሪካዊት አርቲስት ከነሱ በፊት በቀይና በነጭ በፉቱራ ቦልድ ዘንበል አድርጋ ሥራዎቿን ትሠራ ነበር፣ እነሱ ከዛ ነው የወሰዱት። ሎጎው ግን አሁን የነሱ የንግድ ምልክት ነው፣ ሸጠህ ገንዘብ ልታገኝበት ከሆነ ቀይ ሳጥኑን እንዳለ አትገልብጠው፣ አረንጓዴ አድርገው፣ ቢጫ አድርገው፣ ሳጥኑን ተወው፣ እንደውም ያኔ ነው የናንተ የሚሆነው።

ሁለተኛ አማርኛ ዘንበል የሚል ልማድ የለውም። ላቲኑ ኢታሊክ የሚባለውን ያገኘው ከራሱ የእጅ ጽሕፈት ታሪክ ነው፣ የኛ ቁም ጽሕፈት ስሙም ቁም ነው። ፕሮግራሙ ሲያዘነብለው ክቡ እንቁላል ይሆናል፣ የካዕብና የሣልስ ጭረቶች አቅጣጫ ይስታሉ፣ የተበላሸብህ ለዛ ነው። ቀጥ ብሎ ይቁም፣ እንቅስቃሴ ከፈለግህ ጠቅላላ መስመሩን ወደ ላይ ከፍ አድርገህ አስቀምጠው፣ ፊደሎቹ እንዳሉ ሆነው መስመሩ ብቻ ዳገት እንዲወጣ።

ስለ ማውረዱ፣ ፉቱራ የሚሸጥ ፎንት ነው፣ ፈቃድ ይገዛለታል። ከየትም የተለቀመ ፋይል ላይ ግማሹ ፊደል የጎደለ ያጋጥምሃል፣ የሠሪውም ድካም አለበት። ግን ከነፃዎቹ ጥሩ ጥሩ አሉ፣ ጆስት የሚባለው ከፉቱራ ዘመን የጀርመን ፊደሎች የተነሳ ነው፣ የሊግ ስፓርታን ወፍራሙ ለቲሸርት ይሆናል፣ ፖፒንስና ሞንትሰራትም አሉ። እነዚህ ለንግድም ነፃ ናቸው፣ አማርኛ ግን የላቸውም፣ አማርኛውን ለብቻ ከኖቶ ታመጣለህ። ቲሸርት ላይ ስታትም ቀለሙ ጨርቁ ውስጥ ትንሽ ስለሚሰራጭ ከላይ ለቡና ቤቷ እህት ያልኳትን ስለ ቀለበቱ አንብብ።

*ለሠርጋችን ጥሪ ካርድ ሙሉ ጽሑፉን በወፍራም ጂኦሜትሪክ ፊደል አደረግነው፣ ማተሚያ ቤቱ ግን «እናትና አባቶች ማንበብ ይቸገራሉ» አለን። እውነቱን ነው?*

እውነቱን ነው፣ እንኳን አደረሳችሁ። የሙሽሮቹን ስምና ቀኑን በወፍራሙ አድርጉ፣ እሱ ያምራል፣ ከሩቅም ይጠራል። የወላጆች ስም፣ አድራሻውና ሰዓቱ ግን በተለመደው የንባብ ፊደል ይሁን፣ የፊደሉ መጠንም ከ11 ነጥብ አይነስ። አንድ መስመር ሲሆን ኃይል ያለው ፊደል ስምንት መስመር ሲሆን ግድግዳ ይሆናል፣ ዓይን የሚይዘው ቦታ ያጣል። ፋይሉን ወደ ማተሚያ ቤት ስትልኩ ደሞ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ፎንቱን አብራችሁ አስገቡ፣ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በጋራ በሚያውቁት የፊደል ኮድ፣ የተጻፈ መሆኑንም አረጋግጡ። በድሮዎቹ ፎንቶች የተጻፈ ከሆነ ያ ፎንት የሌለው ኮምፒውተር ላይ የአክስታችሁ ስም የእንግሊዝኛ ፊደልና የነጥብ ክምር ሆኖ ነው የሚከፈተው፣ ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ይሄን ያየ ሰው አውቃለሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ እንደገና ሲተይብ ነው ያደረው።